ካቻቢቴውን ጆሮህ ላይ አድርግ

ድሬ ውስጥ ትልቅ ሰውን «አንተ» ማለት ነውር አይደለም። ሌላ ከተማ ያደገ ሰው ይደነግጥ ይሆናል፤ እኛ ግን በዚያው ነው ያደግነው። እኔም ሰባውን ያለፈውን አስተማሪዬን «ጋሼ፣ አንተ ደግሞ!» እለዋለሁ፣ ቅር ብሎት አያውቅም።

ጋሼ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ጡረተኛ ነው። ድሬን የወለዳት ባቡሩ ነው፣ ሐረር ተራራ ላይ መውጣቱ ስለከበደ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ የብረት ሙያ በዚህ ከተማ ከዋና ባለሙያ ወደ ለማጅ ሲተላለፍ ኖሯል። አሁን ጋሼ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከአስር ሰዓት በኋላ፣ ተደራጅተን ሞተር ወደምንጠግንበት፣ ቀበሌ ወደሰጠን ሼድ ይመጣል። ለዚህ ማንም አይከፍለውም።

አምና የአንድ ወፍጮ ቤት ሞተር እየጮኸ መጣ። ኩሽኔታውን፣ ዘንጉ የሚዞርበትን ባለኳስ ቀለበት፣ ቀየርኩት። በሳምንቱ ብሶበት ተመለሰ። ጋሼ አልተቆጣም፤ ሞተሩን አስነሳና የካቻቢቴውን ጫፍ ሽፋኑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ካዳመጠ በኋላ ለእኔ አቀበለኝ።

«አቦ ስማው! የት ላይ ነው የመታኸው?»

የመታሁት የውጭውን ቀለበት ነበር። ለካ ኩሽኔታ ዘንግ ላይ ሲገባ ምቱ ማረፍ ያለበት የውስጠኛው ቀለበት ላይ ነው። ውጭውን ከመታኸው ጉልበቱ በኳሶቹ በኩል ያልፍና መሄጃቸውን ይሰረጉዳል፤ በዓይን ላይታይ ይችላል፣ ኩሽኔታው ግን ሥራ ሳይጀምር ተበላሽቷል። ልኩ የሆነ ቁራጭ ቱቦ ፈልገህ በሱ ትመታለህ፣ ወይም ዘይት ውስጥ ስታሞቀው ይሰፋና በቀላሉ ይገባል። ከ120 ዲግሪ ግን አይለፍ።

የሦስት ቀን ሥልጠና ሰርተፍኬት ቤቴ አለ። እዚያ ኩሽኔታ በእጄ አልነካሁም። ስሳሳት አጠገቤ ቆሞ እንደገና የሚያሠራኝ ሰው ነው የጎደለኝ የነበረው፣ ወጣት ይደራጅ ሲባል ሼድና ማሽን ይታሰባል፣ እንዲህ ያለ ሰው ግን ማንም አያስብም፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

የጋሼ ዓይን ደክሟል። የመለኪያውን፣ የካሊፐሩን፣ ቁጥር የማነብለት እኔ ነኝ፤ ድምፁን የሚሰማልኝ እሱ ነው። በዚያ መሀል ስለ ሚስቱም፣ ስለ እጮኛዬም እናወራለን።

ባለፈው ሳምንት ታሞ ቀረ። ልጠይቀው ስሄድ የአንድ ሞተር ድምፅ በስልኬ ቀድቼ ነበር። ተኝቶ እንዳለ ሁለቴ አስደገመኝ።

«ይሄ ኩሽኔታ አይደለም፤ ከኋላ ያለው ማራገቢያ ሽፋኑን እየነካ ነው።»

ማታውኑ ሄጄ ፈታሁት። ሽፋኑ ከውስጥ ተፍቆ፣ ብረቱ ያብለጨልጫል።