«በማን ሰዓት ነው?»

ሜክሲኮ አካባቢ አንድ የምርምር ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ሆኜ ስሠራ የገጠመኝ ነው። የስኳር መድኃኒት ሙከራ ላይ ነበርን። ቀጠሮ የምሰጠው እኔ ነኝ።

ከደብረ ብርሃን የሚመላለሱ አንድ አባት ነበሩ። የቀጠሮ ካርዳቸው ላይ «8:00» ብዬ ጻፍኩ። የጥናቱ ቅጽ ሁሉ በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ እጄ ለምዶታል። «ደም ሳይወሰድ ምግብ እንዳይቀምሱ» አልኳቸው። ካርዱን አጥፈው የኮታቸው ውስጥ ኪስ ከተቱት።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ሆነ፣ የሉም። 3 ሰዓት፣ የሉም። ስልካቸው ዝግ ነው። በቃ ቀርተዋል አልኩ።

7 ሰዓት ተኩል ላይ ጥበቃው ደግፏቸው ገቡ። ላብ አጥምቋቸዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ጣታቸውን ወግቼ ስለካ 52! ከ70 በታች ከሆነ ስኳር ወርዷል ማለት ነው። በብርጭቆ ውሃ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጬ አጠጣኋቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ 81 ሆነ። እኔም ያኔ ተነፈስኩ።

ነፍስ ሲዘሩ ካርዱን አወጡ። «8 ሰዓት አይደል ያልሽኝ? እንዲያውም ቀድሜ ነው የደረስኩት።»

እውነታቸውን ነው። ላምበረት ወርደው፣ በታክሲ መገናኛ፣ ከዚያ ሜክሲኮ፣ ሁሉንም ከማታው እራት ወዲህ እህል ሳይቀምሱ። የባሰው ደግሞ ኪኒን ውጠው እንደሆነ ስጠይቃቸው መጣ። የስኳር ኪኒናቸውን፣ ግሊቤንክላማይድን፣ እንደወትሮው ጠዋት ውጠዋል። «አይብሉ አልሽኝ እንጂ መድኃኒቱን ይተዉ አላልሽኝም።» ይሄ ኪኒን ሰው በላም አልበላም ቆሽትን ኢንሱሊን አምጪ ይላል። ባዶ ሆድ ላይ ሲሆን ስኳሩን ይዞት ይወርዳል።

ማታ ሪፖርት ስጽፍ «ተሳታፊው ዘግይተው መጡ» የሚለው ላይ እጄ እምቢ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ካርድ ላይ «ኅዳር 5፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት» እላለሁ፤ የፈረንጁን በጎን በትንሹ። ቀኑም እኮ ጉድ ይሠራል። ኅዳር 5 ለፈረንጅ በአብዛኛው ዓመት ኖቬምበር 14 ነው። 14ን ብቻ አይቶ ኅዳር 14 የመጣ ሰው 9 ቀን አልፎታል፤ ጥናት ደግሞ ከቀጠሮው ቀን ወዲያ ወዲህ የሚፈቅደው ጥቂት ቀን ብቻ ነው።

ከክፍለ ሀገር የምትመጡ፣ ሳይበሉ የሚሰጥ ደም ካለ ማታውኑ ግቡ። የአዳሩን ማን እንደሚከፍል ግን ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ፤ የአውቶቡስ ትኬታችሁንም አትጣሉ። «የጠዋት ኪኒኔን ልዋጥ ወይስ ልተው?» ሳትሉ አትነሱ። ደም እንደሰጣችሁ የምትቀምሱት ነገር በፌስታል ያዙ። የጥናቱን መድኃኒት ብልቃጥ ባዶም ቢሆን አምጡ፣ የተረፈው ይቆጠራል። የፈረማችሁበትን የስምምነት ቅጽ ቅጂ ተቀበሉ። ካልተስማማችሁ በፈለጋችሁ ጊዜ መውጣት እንደምትችሉም እዚያው ላይ አለ። ይሄን ስነግር ብዙ ሰው አያምነኝም፤ ከፈረመ ወዲያ የታሰረ ይመስለዋል።

አባትዬው አልወጡም። በቀጣዩ ቀጠሮ ዋዜማ ማታ ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ ገብቻለሁ። የእህቴ ልጅ ቤት ነኝ። የነገው 2 ሰዓት በማን ነው? በኛ ነው በነሱ?»