ድልድዩ ላይ ቆመን

እሁድ ማታ ነው። ከእናታችን ቤት ከተመለስኩ ሦስት ሰዓት ሆኖኛል፣ ከወንድሜ ከጋሼ ጋር የተከራከርነው ነገር ግን አልለቀቀኝም። ካልጻፍኩት አልተኛም።

ያደግነው አዲስ አበባ፣ ቀበና ነው፣ እናታችን አሁንም እዚያው ናት። አቦሉ ተቀድቶ አንድ ሁለቴ ፉት እንዳልን ጋሼ የከተማውን ነገር አነሳ። የሚያምንበትን ሲያወራ ሲኒውን አስቀምጦ በሁለት እጁ ነው የሚያወራው። «ይቺ ከተማ እንደ አሁኑ ተሠርቶላት አያውቅም» አለ። በ2013 የተከፈተውን እንጦጦ ፓርክ ጠራ። የወዳጅነት አደባባይን፣ የኮሪደሩን ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚተከለውን ችግኝ ጠራ። «ድሮ ልጆች ይዘሽ የት ትሄጂ ነበር? ንገሪኝ እስቲ።»

የትም አልሄድም ነበር። ይሄን አልክድም። በ2011 «መንገድ ለሰው» ሲጀመር መኪና በሌለበት አስፋልት ላይ ልጄ ስትሮጥ እንባዬ መጥቶ ነበር። ዛሬም መናፈሻ ውስጥ ተቀምጠው የሚያጠኑ ተማሪዎች ሳይ ደስ ይለኛል። ለጋሼም ይሄንኑ ነገርኩት። ግን ጥያቄዬ ሌላ ነው። ውሃውስ?

ሥራው የተጀመረው እኮ በወንዝ ስም ነው። በ2011 የሸገር ወንዞች ዳርቻ ልማት ይፋ ሲደረግ 29 ቢሊዮን ብር ያስፈልገዋል፣ 56 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል ተባለ። አንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር ከፍሎ እራት የሚበላበት ገበታም የተዘጋጀው ለዚሁ ነው። ያኔ በጣም ነበር ተስፋ ያደረግኩት፣ ምክንያቱም እናቴ ጋቢ ያጠበችው ቀበና ወንዝ ውስጥ ነው፣ ድንጋዩ ላይ አስጥታ እስኪደርቅ ድረስ ከጎረቤት ጋር እየተጫወተች። እኔ ትዝ የሚለኝ ግን ሽታው ነው። በአንድ እናትና በአንድ ልጅ ዕድሜ መሀል ወንዙ ሞተ ማለት ነው።

ጋሼ ዝም አላለም፣ ነጥቡም ቀላል አይደለም። «ዳሩ ላይ ሽንት ቤቱን ወንዝ ውስጥ የሚለቅ ቤት ተደርድሮ እያለ ውሃውን እንዴት ታጸጂዋለሽ? መጀመሪያ ዳሩ ይጽዳ፣ ውሃው ይከተላል» አለ። እውነት አለው። የከተማው የፍሳሽ መስመር የማይደርስበት ቤት ብዙ ነው፣ የማይደርስበት ቤት ደግሞ ቁልቁል ወደ ወንዝ ነው የሚለቀው። እኔን የሚያሳስበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ሣሩ በሦስት ወር ይለመልማል። መብራቱ በአንድ ሌሊት ይበራል። ከመሬት በታች የሚቀበር ቱቦ ግን አይታይም፣ ፎቶም አይነሳም፣ ስለዚህ ጠያቂ የለውም። ከዳሩ የተነሱት ሰዎችም አሉ። አብራን ቡና ትጠጣ የነበረች ጎረቤታችን አሁን ከከተማው ጫፍ ናት፣ እናቴን በስልክ ብቻ ነው የምታገኛት። ይሄም ከአካባቢ ሥራው ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት ባይ ነኝ።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ወዲያው ተስማማን። ቆሼ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ማታ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት ሁለታችንም ሌሊቱን አልተኛንም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ ነሐሴ 2010፣ ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ ተመረቀ፣ በቀን 1,400 ቶን ያቃጥላል ተብሎ። «ከዚያ በኋላ ቆሼ ታሪክ ይሆናል ብዬ ነበር» አለ ጋሼ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ትንሽ ዝም ተባባልን።

እናቴ በመሀል ምሳ አቀረበች። ቆስጣ ነበረበት። ቆስጣውን ሳየው ወንዙ ነው ትዝ ያለኝ። ቀበና እዚሁ አያልቅም። ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባል፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ ትንሹ አቃቂ የፋብሪካዎችንና የቆዳ ማልፊያዎችን ፍሳሽ ይዞ ይወርዳል፣ ሁለቱ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኙና ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። በመንገዳቸው ስንት የጓሮ አትክልት ያጠጣሉ! ከቆዳ ማልፊያ የሚወጣ ክሮሚየም በማጠብ አይለቅም፣ በመቀቀልም አይጠፋም። ይሄን ስል እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ታዲያ ምን እንብላ ልጄ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጋሼ ድንገት ብድግ አለ። «ነይ፣ ወርደን እንየው።»

ወረድን። ድልድዩ ላይ ቆመን አየን። በዚህ በኩል አዲስ ግንብ፣ በላዩ መሄጃ፣ አግዳሚ ወንበር፣ አበባ። እውነትም ያምራል። ግንቡ ሥር ግን ክንድ የሚያህል ፕላስቲክ ቱቦ ወጥቶ ግራጫ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ያረፈበት ድንጋይ ጥቁር አተላ ይዟል፣ ወንዙ ሲታጠፍ ነጭ አረፋ ይሠራል። ወሬያችንን ያቆመው ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ሠራተኛ አበባውን በረጅም ጎማ ያጠጣል፣ ጎማውን ስንከተለው መንገድ ዳር የቆመ የውሃ ቦቴ ላይ ደረሰ። ወንዝ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ እየፈሰሰ አበባው የሚጠጣው በመኪና የመጣ ውሃ ነው። ጋሼ ሠራተኛውን ጠየቀው። «በዚህኛው ካጠጣሁት ይደርቅብኛል ጌታዬ» አለው።

ጋሼ አልተረታም፣ እኔም ልረታው አልፈለግኩም። ስንመለስ ግን ብዙ አላወራም። አሁን፣ ይሄን እየጻፍኩ፣ መልእክት ላከልኝ። በእግሩ ወደ ግንፍሌ በኩል ወርዶ ኖሯል፣ በዚህ ምሽት። «ሌላ ሁለት ቱቦ አገኘሁ። አንደኛው ትልቅ ነው፣ ፎቶ አንስቼዋለሁ። ነገ አብረሽኝ ክፍለ ከተማ ትሄጃለሽ?»

ስንት ሰዓት ላይ እንገናኝ ብዬ ጻፍኩለት።