ስኳሩ ሲወርድ እግራቸው አበጠ

አባባ ሁለት ሐኪም አላቸው። ስኳራቸውን የሚከታተሉት አንድ ዶክተር፣ ልባቸውን የምታየው ደግሞ ሌላ ዶክተር። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም። የሚያገናኛቸው እኔ በፌስታል ይዤ የምዞረው መድኃኒት ነው።

ባለፈው ዓመት የስኳሩ ዶክተር ፒዮግሊታዞን ጨመሩላቸው። ስኳሩ ወረደ። የሦስት ወሩ አማካይም አማረ። ከዚያ እግራቸው ማበጥ ጀመረ። ካልሲ ሲያወልቁ ላስቲኩ ያረፈበት ቦታ ተሰርጉዶ ይቀራል። ቁርጭምጭሚታቸውን በአውራ ጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ ቶሎ አልሞላ አለ። ማታ በአንድ ትራስ መተኛት አቃታቸው። «እርጅና ነው ልጄ» ይላሉ። አባባ ሁሉንም ነገር እርጅና ላይ ነው የሚለጥፉት።

የልብ ዶክተሯ ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው። አንዱን ፓኬት ለየችና «ይሄ ውሃ ይይዛል» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒዮግሊታዞን ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲያስቀር ያደርጋል። ጤነኛ ልብ ትርፉን ውሃ ይችለዋል። የደከመ ልብ ግን አይችልም። ውሃው እግር ላይ፣ ሲብስ ሳንባ ላይ ይጠራቀማል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2007 ለዚህ መድኃኒትና ለወንድሙ ለሮሲግሊታዞን በጥቁር ሳጥን የሚታተመውን ከባዱን ማስጠንቀቂያ አዟል። አዲስ ነገር አይደለም እኮ! ስኳሩን ብቻ የሚያይ ሰው ግን ስኳሩ ሲወርድ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

ሳክሳግሊፕቲን የሚባለው ሌላ የስኳር መድኃኒትም ነገር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ትልቅ ጥናት፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 3.5 በመቶው በልብ ድካም ሆስፒታል ገብተዋል፤ ካልወሰዱት ደግሞ 2.8 በመቶው። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ልቡ ቀድሞ ለደከመ ሰው ግን ትንሽ አይባልም። የዚያው ቤተሰብ የሆነው ሲታግሊፕቲን ሲፈተሽ ይህ ችግር አልታየበትም። ስለዚህ የአንዱን ጠባይ አይቶ በሌላው መፍረድ አይቻልም።

ያለ ጥፋቱ ስሙ የጠፋው የስኳር ክኒን ሜትፎርሚን ነው። ድሮ ልብ ድካም ላለበት ሰው ክልክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ክልከላው ተነሣ። አባባ ዛሬም ይውጡታል። ኩላሊት በጣም ከደከመ ወይም የልብ ድካሙ በድንገት ከተባባሰ ግን ሐኪም ሊያስቆመው ይችላል።

ፒዮግሊታዞን ወጥቶ የገባላቸው ዳፓግሊፍሎዚን ነው፤ በእኔ ዓይን የዚህ ታሪክ ደስ የሚለው ክፍል። ስኳርን በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል፤ ጨውና ውሃም አብሮ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ዳፓ ኤችኤፍ በተባለው ጥናት፣ የልብ ድካም መባባስን ወይም በልብና ደም ሥር በሽታ መሞትን በ26 በመቶ ቀንሷል። ከተሳታፊዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስኳር የሌለባቸው ነበሩ! የስኳር ክኒን የልብ ክኒን ሆኖ አረፈው።

ጣጣው ግን አለ። ሽንቱ ስኳር ስላለው ብልት አካባቢ ፈንገስ ያመጣል። አባባ ይህ ደርሶባቸው ለእኔ መናገር አፍረው ቆይተዋል፤ ዶክተሯ ቀጥታ ስትጠይቃቸው ነው ያመኑት። በቅባት አለፈ። ውሃ የሚያሸናውን ፉሮሴማይድንም ስለሚወስዱ ድንገት ሲነሡ ያዞራቸዋል፣ የፉሮሴማይዱ መጠን ተቀነሰላቸው። ዋናው ግን ይሄ ነው፦ ሲያስመልሳቸው ወይም ምግብ እምቢ ሲላቸው ዳፓግሊፍሎዚኑን ለጊዜው አቁመን እንድንደውል ታዘናል። መለኪያው ላይ ስኳሩ ያን ያህል ሳይጨምር ደም በአሲድ ሊመረዝ ይችላል። ከቀዶ ሕክምና በፊትም ቢያንስ ሦስት ቀን ይቆማል።

ስለ ኢንሱሊን አንዲት ነገር ልጨምር፤ ስኳርን ከልክ በላይ ሊያወርድ ይችላል። አባባ ለልብ ቢሶፕሮሎል ይወስዳሉ። ስኳር ሲወርድ የሚመጣውን የልብ ምትና መንቀጥቀጥ ይህ መድኃኒት ይደብቀዋል። ላቡን ግን አይደብቀውም። ስለዚህ ግንባራቸው ድንገት ቸፈፍ ካለ ሳንጠይቃቸው ጣታቸውን ወግተን እንለካለን።

አሁን ጠዋት ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት ሚዛን ላይ ይወጣሉ። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመሩ ለልብ ዶክተሯ እደውላለሁ። ቁጥሩን የሚጽፉት ራሳቸው ናቸው፤ የእኔን አጻጻፍ አያምኑትም። የመድኃኒቶቹን ዝርዝር ግን እኔ ጽፌ ለሁለቱም ዶክተሮች አንድ አንድ ቅጂ ሰጥቻለሁ። የስኳሩ ዶክተር አነበቡትና ከታች የልብ ዶክተሯን ስልክ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ።