ሊባኖስ ስትወድቅ ልጄን እንዴት አስተማርኳት

ልጄ አንደኛ ክፍል የገባችው በ2019 መኸር ላይ ነው፤ ቤይሩት ውስጥ። ዓመቱን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እዚህ የለመድነው እሱን ስለሆነ። ትምህርት በተጀመረ በሳምንታት ውስጥ፣ ኦክቶበር 17፣ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ሰበቡ በዋትስአፕ ጥሪ ላይ ሊጣል የነበረ ቀረጥ ነው፤ ምሬቱ ግን የዓመታት ነው። መንገዱ በጎማ ቃጠሎ ተዘጋ። ባንክ ተዘጋ። ትምህርት ቤትም ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ለብዙ ጊዜ አንድ ዓመት እንኳ ሳይቋረጥባት ተምራ አታውቅም። ኮሮና መጣ። ኦገስት 4 ቀን 2020 ወደቡ ፈነዳ። ነዳጅ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ መምህራን አድማ መቱ፣ በ2024 ደግሞ የእስራኤልና የሂዝቦላህ ጦርነት ባሰ። ግን ክፍል አልደገመችም። በፈረንሳይኛ ታነባለች፣ በዓረብኛ ትጽፋለች፣ አማርኛዋም ደህና ነው።

እንዴት አድርገሽ ነው የሚሉኝ እዚህ ያሉ ሐበሻ እህቶች ብዙ ናቸው። ከማዳም፣ ማለት ከአሠሪ ቤት ወጥተው በፍሪላንስ፣ በራሳቸው እየተቀጠሩ የሚሠሩ፣ ልጅ ይዘው ቤይሩት ዳር ቡርጅ ሃሙድና ዶራ አካባቢ ቤት የተከራዩ። ለእነሱ ነው የምጽፈው። ነገ ሌላ አገር ላይ ይኼው ነገር ለሚገጥማቸውም ቢሆን ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ትምህርት ቤቱን ምን እንደነካው አይገባም። ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር 1,507 የሊባኖስ ሊራ ነበር። ሰው ሁሉ በዚህ ዋጋ ኖሯል፤ ሱቅ ገብተሽ ግማሹን በዶላር፣ ግማሹን በሊራ ብትከፍይ ማንም ምንም አይልሽም። በማርች 2020 መንግሥት የውጭ ዕዳዬን መክፈል አልቻልኩም አለ። በ2021 ዶላሩ በጥቁር ገበያ 15,000 ገባ፣ ከዚያ 20,000። በማርች 2023 ከ100,000 አልፎ ሄደ። የዓለም ባንክ ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ በዓለም ከታዩት እጅግ የከፉ ቀውሶች ውስጥ መድቦታል። ዝቅተኛው ደመወዝ 675,000 ሊራ ነበር፣ በድሮው ምንዛሪ 450 ዶላር ገደማ። ዶላር 20,000 ሲገባ ያው ደመወዝ 34 ዶላር አይሞላም። ቁጥሩ ያው፣ ወረቀቱም ያው፤ የሚገዛው ነገር ግን የለም።

ልጄ የጀመረችው ክፍያው መለስ ያለ የግል ትምህርት ቤት ነበር። ሊባኖስ ውስጥ አብዛኛው ተማሪ የግል ነው የሚማረው። የመንግሥቱን አቅም የሌለው ነው የሚልክበት ይላሉ። ሊራው ሲወድቅ ትምህርት ቤቱ ከክፍያው ግማሹን በፍሬሽ ዶላር አምጡ አለ። ፍሬሽ የሚሉት በእጅ የሚቆጠረውን ነው፤ ባንክ ውስጥ ታስሮ የቀረውን አይደለም። እኔ ከየት ላመጣ? በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች በነዚያ ዓመታት ከግል ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ዞረዋል። የእኔም በ2021 ዞረች።

ለእኛ ለሐበሾች መመዝገቡ ራሱ አንድ ሥራ ነው። እዚህ መወለድ ዜግነት አያሰጥም። የእናት ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ካልተስተካከለ የልጅ ነገርም ይንገዋለላል። «ከፊል» የሚሏት ፈቃዴ በስሟ የሆነው አሠሪዬ ደግ ሴት ስለሆነች ኢቃማዬ ሳይቋረጥ ቆየ፤ ይህ ዕድል ነው፣ ብልሃት አይደለም፣ እንደ ምክር አልቆጥረውም። ብልሃት የምለው ሌላ ነው፦ ለምዝገባ የሚጠየቀውን ወረቀት ሁሉ በትምህርት ዕረፍት ወራት፣ መሥሪያ ቤቶች ክፍት ሲሆኑ፣ ሦስት ሦስት ኮፒ አድርጌ መያዜ። አድማ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ብቻ አይደለም የሚዘጋው፤ ማኅተም የሚመታውም ቢሮ አብሮ ይዘጋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ወደ መምህሯ።

ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ አንዲት ሊባኖሳዊት የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ትኖራለች። ልጆቹ «ሚስ» ነው የሚሏት፤ እኔም እንደዚያው እጠራታለሁ። የመሠረት ደመወዟ 2,000,000 ሊራ ነበር፣ ድሮ ከ1,300 ዶላር በላይ። በ2022 መግቢያ ላይ ያው ገንዘብ ወደ 60 ዶላር ወርዷል። 20 ሊትር ቤንዚን ደግሞ 25,000 ሊራ ገደማ የነበረው በ2021 መጨረሻ ከ300,000 አልፏል። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ በስልኳ አሰላችልኝ። የወር ደመወዟ ሰባት ጊዜ 20 ሊትር አይገዛም። ትምህርት ቤቷ ያለው ተራራው ላይ ነው። «ለማስተማር እኔ ነኝ የምከፍለው» አለችኝ። እያለቀሰች አልነበረም፤ ሒሳብ እንደምታስተምር ሆና ነው የነገረችኝ።

ያን ጊዜ ብዙ እናቶች አድማ የመቱትን መምህራን ይራገሙ ነበር። ልጆቻችንን ጣሉብን ይላሉ። እኔ ይህንን ንግግር እስከ ዛሬ አልወደውም። መምህሩ የታክሲ ከሌለው ሕንፃው ምን ያደርግልናል? ያየሁት ይኼ ነው፦ ወንበሩም፣ መጽሐፉም፣ ልጁም አለ። የጎደለው መምህሩን ከቤቱ አውጥቶ ሰሌዳው ፊት የሚያቆመው ገንዘብ ነው። ከውጭ የመጣ እርዳታ ለመምህራን በወር ጥቂት ዶላር ጉርሻ ማድረግ የጀመረው ዘግይቶ ነው፤ እሱም ይቆራረጣል። ስለዚህ ልጄን ላስተምር ካልኩ መጀመሪያ መምህር የማቆይበትን ነገር ልፈልግ አልኩ።

ሚስ በአልጋ የቀረች እናት አለቻት። እኔ ደግሞ ዓመታት የሠራሁት አሮጊቶች መንከባከብ ነው። እናቷን አጥባለሁ፣ አገላብጣለሁ፣ አበላለሁ፤ እሷ በሳምንት አራት ቀን ልጄን ታስተምርልኛለች። ገንዘብ አልተነሳም። ስምምነቱን ግን ወረቀት ላይ ጻፍነው፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ። ጓደኞቼ ለጎረቤት ደግሞ ምን ወረቀት አሉኝ። እኔ ግን ያቆየን እሱ ነው እላለሁ። ችግር ሲበረታ ሰው ይጨናነቃል፣ ይኮራረፋል። የተጻፈ ነገር ካለ ኩርፊያው ትምህርቱን አይነካም።

ቀስ በቀስ ሌሎች ልጆች መጡ። የሦስት ሐበሻ እናቶች ልጆች፣ የአንዲት ሱዳናዊት፣ ምድር ቤት ያሉት የሶርያውያን ቤተሰብ ሁለት ልጆች። ቦታው የእኔ ወጥ ቤት ነው። የመንግሥት መብራት በቀን አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ነበር የሚመጣው፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ የለም። በኦክቶበር 2021 አገሩ በሙሉ አንድ ቀን ጨለማ ሆኖ አድሯል። ከጀነሬተር የምንገዛው 5 አምፔር ነው፣ ኢሽቲራክ ይሉታል፤ ፍሪጅ ከጫንንበት ይወርዳል። ስለዚህ ፍሪጁን ነቀልነውና በሩን ሰሌዳ አደረግነው። ነጭ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ማርከር በጨርቅ ይለቅለታል። ልጆቹ መሬት ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ሚስ ክፍልፋይ ያስተማረቻቸው በኩብዝ፣ በክቡ የዓረብ ቂጣ ነው። አንዱን ኩብዝ ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት ቀደደችው፤ ከዚያ ስምንተኛውን አንስታ «ይህ ከአራተኛው ይበልጣል ያለ እጁን ያውጣ» አለች። ሁለቱ ትንንሾች አወጡ። 8 ከ4 ይበልጣል ብለው ነው። ቁራሹን ከቁራሽ ላይ ደርበው እንዲያዩ አደረገቻቸው። ትምህርቱ ሲያልቅ ኩብዙን በሉት። የዳቦ ሰልፍ ረጅም የነበረበት ጊዜ ስለሆነ ማንም ፍርፋሪ አልጣለም።

የሒሳብና የሳይንስ ትምህርት እዚህ በፈረንሳይኛ ወይም በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጠው። የልጄ በፈረንሳይኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ፈረንሳይኛ አላውቅም። ታዲያ የቤት ሥራ እንዴት እቆጣጠራለሁ? ማታ እራት ስሠራ የተማረችውን በአማርኛ እንድታስረዳኝ አደርጋለሁ። እኔ እጠይቃታለሁ፣ እከራከራታለሁ። ማስረዳት ካቃታት አልገባትም ማለት ነው፤ በማግስቱ ለሚስ እነግራታለሁ። ፊደል ያልቆጠረች እናትም ይህን ማድረግ ትችላለች። የሱዳኗ ጎረቤቴ በዓረብኛ ታደርገው ነበር።

ልጆቹ ሲበዙ የሚስን እናት ማጠብ ብቻ አልበቃም፤ የሌሎቹ እናቶች ድርሻም መግባት ነበረበት። እዚህ ላይ እቁባችን ረዳን። ቡርጅ ሃሙድ ያለን ሴቶች የቆየ እቁብ ነበረን፣ በሊራ። ሊራው መውደቅ ሲጀምር እቁቡ ጠብ መፍጠር ጀመረ። መጀመሪያ የደረሳት ዕቃ ገዛችበት፤ መጨረሻ ላይ የደረሳት ያንኑ ያህል ሊራ ተቀብላ የሚገዛላት የዕቃውን ግማሽ አይሆንም። አንዷ አልቅሳ ወጣች፣ እውነቷን ነው። በዶላር እናድርገው ተባባልን፤ መጠኑን ዝቅ አድርገን፣ አምስት ዶላር ያላት በአምስት። ልጅ ያለን ደግሞ ከዚያ ላይ ትንሽ ትንሽ ለብቻ አስቀመጥን። ያ ገንዘብ ለሚስ የሰርቪስ፣ ሰው ተጋርቶ የሚሳፈርበት ታክሲ ነው። ሰርቪስ ታክሲ ድሮ 2,000 ሊራ ነበር፤ በኋላ ዋጋው በየወሩ ይለዋወጥ ነበር። በዶላር ስላስቀመጥነው ምንዛሪው ሲዘል አልደነገጥንም። የራሷ ትምህርት ቤት ሲከፈት ወደ ሥራዋ የምትሄደው በዚህ ገንዘብ ነበር። ለእኛ ልጆች ብቻ አላቆየናትም ማለት ነው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

በ2023 መጀመሪያ ላይ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሁለት ወር ገደማ በአድማ ተዘጉ። ወጥ ቤታችን አልተዘጋም። በስልክ ትምህርት የሚባለውን በኮሮና ጊዜ ሞክረነዋል፤ አንድ ስልክ፣ ቻርጅ የለም፣ ካርድ ውድ፣ የሚላከው ደግሞ የወረቀት ፎቶ ብቻ። ለትልልቅ ልጆች ይሆን ይሆናል። ማንበብ ላልቻለ የሰባት ዓመት ልጅ ግን ፊት ለፊት የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል። በጎ ፈቃደኞችም መጥተው ነበር፤ ቀለምና ወረቀት ይዘው፣ ደስ የሚሉ ልጆች ናቸው፤ ከሳምንታት በኋላ ግን የሉም። እኔ ከሁሉ የምመርጠው የማይቀረውን አንድ ሰዓት ነው።

በሴፕቴምበር 2024 ጦርነቱ ሲበረታ ትምህርት ቤቶቹ የተፈናቃይ መጠለያ ሆኑ፣ የመንግሥቶቹ መክፈቻ እስከ ኖቬምበር ተገፋ። ከደቡብ ሊባኖስና ከዳሂዬ፣ ከቤይሩት ደቡባዊ ዳርቻ፣ የሸሹ ሐበሾች ብዙ መጠለያ ውስጥ አንቀበልም ተብለው መንገድ ላይ አድረዋል። እኛ ጋ የተጠጉ ነበሩ፤ ልጆቻቸውም ፍሪጁ ፊት ተቀመጡ። ሚስ እናቷን ይዛ ወደ ተራራው ወጣች። ትምህርቱን በዋትስአፕ በድምፅ ትልካለች፤ የእኔ ልጅና አንድ ሶርያዊ ልጅ ሰሌዳው ላይ ለትንንሾቹ ይደግሙታል። የተኩስ አቁሙ ኖቬምበር 27 እስኪመጣ እንዲህ ነው የቆየነው።

የመጨረሻው ነገር ስለ ወረቀት ነው፤ አገር ቤት ለመመለስ የምታስቡ ይህን ያዙ። የዘጠነኛ ክፍሉ ብሔራዊ ፈተና፣ ብሬቬ የሚሉት፣ በ2020፣ በ2021 እና በ2023 ተሰርዟል። ፈተናው ቀረ ማለት የልጁ ማስረጃ የትምህርት ቤቱ ወረቀት ብቻ ነው ማለት ነው። የየዓመቱን ሪፖርት ካርድ በዓመቱ መጨረሻ ተቀበሉ፤ ለከርሞ አትበሉ፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ ሊዘጋ ይችላል። ክፍያ ቀርቶባችሁ ካርዱን ከያዙባችሁ ርእሰ መምህሩን በአካል አነጋግሩ፤ በየወሩ እከፍላለሁ ብሎ መፈረም ብዙ ጊዜ ያስለቅቃል። ከዚያ ወረቀቱ በትምህርት ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ቀጥሎ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በመጨረሻም በቆንስላችን። የልጁ ስም በፓስፖርቱና በካርዱ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን አስቀድማችሁ እዩ፤ ከሁሉ በላይ የሚያጉላላው እሱ ነው። እርማት ካለ ከትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ጀምሩ፣ ኮፒውን ያዙ፣ ጠዋት በጊዜ ሂዱ።