በኤፌሶን ሙቀት ውስጥ

በሰኔ ቱርክ ወዳለችው ጥንታዊት ፍርስራሽ ከተማ ኤፌሶን አትሂዱ። አጠገቡ ባለችው ሰልጁክ ከተማ ያደርኩበት ክፍል ኤሲው ይጮሃል እንጂ አያቀዘቅዝም፤ ከቢምቢ ጋር ስታገል ነጋ። ጠዋት ደግሞ ባለታክሲው በሊራ የተስማማነውን ዋጋ ስንደርስ በዩሮ አደረገው።

ሰው ሁሉ የሚጋፋው ጥንታዊው የሴልሰስ ቤተ መጻሕፍት ፊት ፎቶ ለመነሳት ነው። እኔን ያመጣኝ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ታችኛው በር አካባቢ ናት፣ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ጣሪያ የላትም። ክብ የጥምቀት ገንዳ፣ የደረቀ ሣር፣ አንዲት ድመት። ሰንበት ትምህርት ቤት «ሁለት መቶው ሊቃውንት» እየተባልን ያደግንበት ጉባኤ የተቀመጠው እዚህ ነው። ጥበቃው ላቤን አይቶ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠኝ፣ ገንዘብ ብዘረጋለት ተቆጣ።

ልጅ ሳለሁ ሁሉም ባንድ ድምፅ ማርያምን «ወላዲተ አምላክ» አልልም ያለውን የቁስጥንጥንያ ፓትርያርክ ንስጥሮስን ያወገዙ ይመስለኝ ነበር። የት! ባላጋራው የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቄርሎስ ከግብፅ ወደ 50 ጳጳሳት ይዞ መጣ። የከተማው ጳጳስ ሜምኖን ወገኑ ስለሆነ ለንስጥሮስ አብያተ ክርስቲያናቱን ዘጋበት። የንስጥሮስ ወዳጆች፣ እነ አንጾኪያው ፓትርያርክ ዮሐንስ፣ ገና መንገድ ላይ ናቸው። በሙቀቱ የታመመ አለ፣ የሞተም አለ። 68 ጳጳሳት «ይጠበቁ» ብለው ቢፈርሙም በፈረንጆች ጁን 22 ቀን 431 ጉባኤው ተከፈተ፣ ንስጥሮስም በዚያው ቀን ተወገዘ። ዮሐንስ ከአራት ቀን በኋላ ደረሰና የመንገድ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ የራሱን ጉባኤ ሰብስቦ ቄርሎስንና ሜምኖንን አወገዘ። የሮማው ንጉሥ ታናሹ ቴዎዶስዮስ ደግሞ ንስጥሮስን፣ ቄርሎስንና ሜምኖንን ሦስቱንም ሽሮ አሰራቸው!

ከዚያ በኋላ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሰው ያለው ማን እንደሆነ ታየ፤ ቄርሎስ ወደ መንበሩ ተመለሰ። የእሱ ሰዎች ከእስክንድርያ ወደ ቁስጥንጥንያ ቤተ መንግሥት የላኩት እጅ መንሻ ዝርዝሩ በደብዳቤ ተርፏል፤ ወርቅ፣ ምንጣፍ፣ የዝሆን ጥርስ ወንበር። የዘመኑ ወግ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ቅዳሴ ቄርሎስን እየሰማሁ ነው ያደግሁት፣ ሃይማኖቱም ልክ ነው እላለሁ፤ የወንበሩን ነገር ግን ባልሰማ ይሻለኝ ነበር።

በ433 የኤሜሳው ጳጳስ ጳውሎስ እስክንድርያ ድረስ ወርዶ ቄርሎስንና ዮሐንስን አስታረቀ። የዕርቁ ዋጋ ንስጥሮስ ነው፤ ዮሐንስ የገዛ ወዳጁን ተወው። የቂሮሱ ጳጳስ ቴዎዶሪጦስ ግን ንስጥሮስን አላወግዝም ብሎ ለዓመታት ገተረ። እኔን ያናደደኝ ከወንበሩ ይልቅ ይኸኛው፣ ወዳጅን መተው ነው።

ስወጣ ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ተሰልፌ ፎቶ ተነሳሁ። ምን ላድርግ፣ መግቢያው 40 ዩሮ ነው።