ለመስቀል 2018፦ ልጆቻችንን ማን ይከትብልናል?

እንኳን ለ2018 ዓ.ም. የመስቀል በዓል በሰላም አደረሳችሁ!

ይህን ስታነቡ አንዳንዶቻችሁ ወሊሶን አልፋችሁ ይሆናል። ሌሎቻችሁ ወልቂጤ መናኸሪያ ሻንጣችሁን ይዛችሁ የእምድብርና የአገና መኪና እየጠበቃችሁ ነው። እናቶቻችሁ ቅቤውን አውጥተው፣ ቤቱን አሰማምረው፣ ዓይናቸውን መንገዱ ላይ ጥለዋል። ሾፌሮች፣ እባካችሁ ቀስ በሉ። አንድ ሰዓት ዘግይታችሁ ብትገቡም በዓሉ ይጠብቃችኋል።

ዘንድሮ ሁላችሁንም በየተራ መመረቅ ፈልጌ ብዕር አነሳሁ። ግን ሐሳቤ ሁሉ አንድ ሰው ላይ ሄደ። ጤና ኬላ ውስጥ አብራኝ የሠራችው ጓደኛዬ ላይ። ግንቦት ላይ ቀበርናት። ቤተሰቧ ገና ሐዘን ላይ ስለሆነ ስሟን አልጽፍም። እዣ ወረዳ ውስጥ ያላችሁ ማንን እንደምል ታውቃላችሁ።

ሁለታችንም የገበሬ ልጆች ነን። 10ኛ ክፍል ጨርሰን የጤና ኤክስቴንሽን ሥልጠና አብረን ገባን። አንድ ዓመት ተማርንና ወደ አንድ ቀበሌ አብረን ተመደብን። ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴት፣ አሠራሩ እንዲያ ነበር። ቦርሳችን ውስጥ 16 ፓኬጅ የሚባል፣ ለየቤቱ የምናስተምረው የጤና ትምህርት ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ሰዉ የሚያውቀን «ሽንት ቤት ቆፍሩ የሚሉት ልጆች» ብሎ ነው። በር የሚዘጉብን ነበሩ። እሷ በር ሲዘጋባት አትቀየምም። በነጋታው እዚያው ቤት ሄዳ እንሰት ስትፍቅ የምታገኛትን ሴት ታግዛለች። ስለ ሽንት ቤት ምንም አታነሳም። በሦስተኛው ጊዜ ባልየው ራሱ «የት ጋ ልቆፍር?» ብሎ ይጠይቃታል።

ያን ጊዜ አምቡላንስ የለም። ምጥ የጸናባት ሴት በቃሬዛ ነበር የምትወጣው። ከቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ጋር በሌሊት፣ በጭቃ፣ ባትሪ ይዘን ሮጠናል። ሁሉም አልተረፉም። ከዚያ በኋላ ነው ጓደኛዬ መላ የፈለገችው። አጣጥ ሆስፒታል ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የእናቶች ማቆያ አለው። ወሯ የገባ፣ የሚያሰጋ ነገር ያለባት እናት ቀድማ ሄዳ እዚያ ትቆያለች። ችግሩ እናቶቹ እሺ አለማለታቸው ነው። «ላሟን ማን ያልባታል? ልጆቹን ማን ያበላል?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እሷ ታዲያ ስለ ሕክምና መለፈፉን ትታ ጎረቤት ማደራጀት ጀመረች። አንዷ ላሟን ታልባለች፣ አንዷ ልጆቹን ታሳድራለች፣ ባልየው ውሃ ይቀዳል። ተራው ሲደርስ ደግሞ በተራ ይተካካሉ። ያቺ ቀበሌ እናቶቿን እንዲህ አድርጋ ወደ ማቆያ መላክ ለመደች።

ፖለቲካን ከየት ተማርሽ ለምትሉኝ፣ ከዚህ ነው የተማርኩት። ሰው እምቢ ሲል ምን እንደከለከለው ጠይቆ፣ የከለከለውን ነገር ማንሳት።

በ1997 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ከ100,000 ሕያው ልደት 673 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። አሁንም ብዙ ነው። ግን ይህን ቁጥር በሰማሁ ቁጥር የእሷን የጭቃ ቦቲ ነው የማየው። በየገጠሩ የወጡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ እንደ እሷ ያሉ ሴቶች አሉበት።

በ2013 ዓ.ም. በግል እጩ ሆኜ ስወዳደር ከጎኔ የቆመችው እሷ ናት። ጀፎረው ላይ፣ ሰፊው የመንደራችን የሣር ጎዳና ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃ ተናገርኩ። ንግግሬን ስጨርስ አንድ አባት ከዛፉ ሥር ብድግ አሉ። «ልጄ፣ የተናገርሽው ደግ ነው። አንቺ ተመርጠሽ ስትሄጂ ግን ልጆቻችንን ማን ይከትብልናል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እሷ ከኋላ ሆና «እኔ አለሁ፣ አባ!» አለች። ሰዉ አጨበጨበ። ለእኔ እንኳ እንደዚያ አላጨበጨበም።

አላሸነፍኩም። ሰኔ 14 ድምፅ ተሰጠ፣ ውጤቱ በየጣቢያው በር ላይ ተለጠፈ፣ አነበብነው። እሷ ትከሻዬን ይዛ «ነገ የክትባት ቀን ነው፣ ትመጫለሽ አይደል?» አለችኝ። በማግሥቱ ክትባት ላይ ዋልን።

ሞቷ ከሁሉም በላይ የሚከነክነኝ ለዚህ ነው፦ በ2011 ዓ.ም. የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀመር ከቤት ቤት ዞራ የቀሰቀሰች እሷ ናት። ክትባቱ ልጆችን ያመክናል የሚል ወሬ ሲናፈስ እናቶችን አንድ በአንድ አሳመነች። እሷን የወሰዳትም ይኸው በሽታ ነው። ስትመረመር ዘግይቷል። የጨረር ሕክምና ወረፋ ሲጠበቅ ወራት አለፉ። ከኬላው መውጣት ስለከበዳት ለራሷ ጊዜ አልነበራትም። ያኔ ኬላው ላይ ሌላ ሠራተኛ ስላልነበረ ሁሉንም የያዘችው ብቻዋን ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ምኞቴ ይህ ነው። ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 የሆናችሁ እህቶቼ፣ በዓሉ ሲያልፍ የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ አድርጉ። አገልግሎቱ የሚሰጥበትን ጤና ጣቢያ የኬላችሁን ሠራተኛ ጠይቁ። ምርመራው ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ውጤቱ ብዙ ጊዜ እዚያው ይነገራችኋል። ቀድሞ ከተገኘ ካንሰር ሳይሆን ይታከማል። ወንድሞቼ፣ ከአዲስ አበባ ስትመጡ ለእናትና ለእህቶቻችሁ ጋቢና ሽቶ ታመጣላችሁ፣ ደስ ይላል። ይህንንም ወሬ አምጡላቸው። ሚስቶቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።

ምስጋናዬም ብዙ ነው። እሷን ቀን ከሌት ላስታመመው ባለቤቷ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ ወንድሜ። አስከሬኗን ከከተማ እስከ ደጃፏ ያለ ክፍያ ላመጣው የአምቡላንስ ሾፌር፣ ለደከመባት አዋላጅ ነርስ፣ አሁን ኬላውን ብቻዋን ለያዘችው ልጅ። በ2013 በሞተር እየዞረ ፖስተር ለለጠፈልኝ፣ አንዲት ሳንቲም ላልተቀበለኝ ወጣት። ቆጠራው እስኪያልቅ ወኪል ሆና ጣቢያው ውስጥ ላደረች የአክስቴ ልጅ። እንሰት ሸጣ ደብተር ለገዛችልኝ እናቴ። ሴት ልጅ ጀፎረ ላይ ቆማ ትናገር ብለው ለፈቀዱልን አባቶች። ጓደኛዬ ለልጃገረዶች ሁሌ የምትነግራቸው ታሪክ ነበራት። የቃቄ ውርድወት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሴቶችን አስከትላ የጆካ በሚባለው የጉራጌ የባህል ሸንጎ ፊት ቆማ ስለ ጋብቻና ስለ ፍቺ መብታቸው ተሟግታለች። «እሷ ያኔ ከቆመች እኛ ዛሬ ምን ያስፈራናል?» ትላቸው ነበር።

ብዙዎቻችሁ «ዳግም ትወዳደሪያለሽ ወይ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር እየጠየቃችሁኝ ስለሆነ ልንገራችሁ። 2018 የተወካዮች ምክር ቤት የአምስት ዓመት ዘመን የሚያበቃበት ዓመት ነው። የእጩ ምዝገባ ሲከፈት ለዚሁ ምክር ቤት በግል እቀርባለሁ። የእኚያ አባት ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። «እኔ አለሁ» ያለችው ጓደኛዬ ዛሬ የለችም። የኬላ ሠራተኛ ደመወዝ ከወረዳ በጀት ይወጣል። የወረዳው በጀት ከክልል ይመጣል። ክልሉ ደግሞ አብዛኛውን የሚያገኘው ከፌዴራል ድጎማ ነው፤ ያንን የሚያጸድቁት 547 መቀመጫ ባለው አዳራሽ ውስጥ የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው። ሁለት ሴት ሊኖርበት የሚገባው ኬላ ለምን አንዲት ብቻ እንደቀረችበት እዚያ ገብቼ መጠየቅ እፈልጋለሁ። ሠራተኛዋ ስትታመም ማን እንደሚተካት፣ ማን እንደሚያሳክማት መጠየቅ እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። «የእኛ ልጅ ናት» ብላችሁ ብቻ አትምረጡኝ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ የምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው፣ ተገዥነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ነው ይላል። የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ካጣበት እንደሚነሳም ይላል። እኔንም ሌሎቹንም እጩዎች በዚህ ለኩን። ማንንም ብትመርጡ የመራጭ ካርድ ሳትወስዱ እንዳትቀሩ።

ለአዲስ ሙሽሮች መልካም ጎጆ፣ ለአራሶች ብርታት፣ ለተማሪዎች ጥሩ ውጤት፣ ለታመሙት ምሕረት፣ ቤታቸው ሰው ለጎደለባቸው መጽናናት ይሁን። በጓደኛዬ ልጆች አቅራቢያ ያላችሁ ሁሉ ደግሞ ደጃቸውን ረግጣችሁ እለፉ፤ በዓሉን ብቻቸውን አታውሏቸው።

እኔ ከመስቀል ማግሥት ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ጀፎረው ላይ ነኝ። ጥያቄ ያላችሁ፣ ቅር ያላችሁ፣ የማትመርጡኝም ጭምር ኑ። እናውራ።