ሴሬስን ከጅማ ለማየት መጋቢትን የመረጥሁበት ምክንያት

ስለ ሰማይ የሚጻፈው ምክር አብዛኛው የጅማን ዝናብ የማያውቅ ሰው የጻፈው ነው። "ፕሉቶን ለማየት ከዓመቱ ሁሉ የተሻለው ጊዜ ሐምሌ አጋማሽ ነው" ይላል። ስሌቱ ትክክል ነው። ነገር ግን በሐምሌ አጋማሽ የጅማ ሰው እንኳን ፕሉቶን ፀሐይንም በናፍቆት ነው የሚያያት። ስለዚህ እንደ ፕሉቶና ሴሬስ ያለ ድንክ ፕላኔት፣ ማለትም ፀሐይን የሚዞር፣ ክብ ግን ከፕላኔት ያነሰ አካል፣ በዓይኔ ለማየት ስነሣ የመጀመሪያው ሥራዬ የሰማዩን ሠንጠረዥ ከከተማችን የዝናብ ወራት ጋር ማስታረቅ ሆነ።

የነበረኝ መሣሪያ አንድ አሮጌ ባይኖኩላር ነው፤ አሥር ጊዜ የሚያቀርብ፣ የፊት መስተዋቱ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው። ይህ ብቻውን ምርጫዬን አጠበበው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ፕራግ ላይ ተሰብስቦ ድንክ ፕላኔት የሚለውን መደብ ከወሰነ ወዲህ በመደቡ የተቆጠሩት አምስት ናቸው፤ ሴሬስ፣ ፕሉቶ፣ ሃውሚያ፣ ማኬማኬና ኤሪስ። የሰማይ አካላት ድምቀት በቁጥር ሲለካ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ድምቀቱ ይጨምራል፤ ያለ መሣሪያ የሚያይ ጤናማ ዓይን በጨለማ ቦታ እስከ 6 ድረስ ይዘልቃል። ሴሬስ በደኅና ጊዜዋ 7 አካባቢ ናት። ፕሉቶ 14.4 ነው፤ ማኬማኬና ሃውሚያ 17ን ያለፉ ናቸው፤ ኤሪስ ደግሞ 18.6 ገደማ ላይ ትገኛለች። ይህም ኤሪስ ከሴሬስ ከ40 ሺህ እጥፍ በላይ ደብዛዛ ናት ማለት ነው። በእኔ መሣሪያ አቅም አምስቱ ወደ አንድ ወረዱ።

ሴሬስን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ፓሌርሞ ላይ ያገኛት ጁዜፔ ፒያሲ ነው። በማርስና በጁፒተር መካከል የምትዞር፣ 940 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት አካል ናት። ለማየት የምትመቸው መሬት በእርሷና በፀሐይ መካከል ስትገባ ነው። ያን ጊዜ ወደ እኛ ትቀርባለች፤ ወደ እኛ የዞረው ፊቷ በሙሉ ይበራል፤ ሌሊቱንም ሁሉ ከአድማስ በላይ ትቆያለች። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ነገሩን ማስታወስ ቀላል ነው፤ ፀሐይ 12 ሰዓት ላይ ስትጠልቅ እርሷ በምሥራቅ ብቅ ትላለች፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ከፍታዋ ጫፍ ይደርሳል፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። ጅማ የአገራችን ሰዓት ከተሰላበት መስመር በስተ ምዕራብ ስለምትገኝ ግን እዚህ ሁሉም ነገር ከግማሽ ሰዓት በላይ ይዘገያል።

ይህ አጋጣሚ በአማካይ በ467 ቀን አንድ ጊዜ ይመጣል። ልክ አንድ ዓመት ስላልሆነ በየጊዜው ከወቅት ወደ ወቅት ይንሸራተታል፤ የጅማ ሰው ጣጣም ከዚህ ይጀምራል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር 18 ቀን ዋለ፤ በ2015 መጋቢት 12፤ ቀጥሎ በሰኔ 2016 መጨረሻ፤ ከዚያም መስከረም 22 ቀን 2018። ኅዳር ለእኛ ድንቅ ነው፤ ዝናቡ አብቅቶ ቡናው የሚለቀምበት ወር ነው። ሰኔን ተዉት። የመስከረሙም ቢሆን ለሌላው ክረምት ወጥቶለት ይሆናል፤ ጅማ ላይ ግን ደመናው ገና ነው። በዚያ ላይ ጨረቃ ልትሞላ አምስት ቀን ብቻ ቀርቷት ነበር፤ ሴሬስም ከፀሐይ በምትርቅበት የምህዋሯ ክፍል ላይ ስለነበረች ድምቀቷ ከ7.6 አላለፈም።

መጋቢት 12 ቀን 2015 ግን ሁሉ ነገር ሰመረ። ድምቀቷ 6.9 ገደማ፣ ርቀቷ ከመሬት እስከ ፀሐይ ያለውን 1.6 እጥፍ ብቻ ነበር፤ ዕለቱ ደግሞ ጨረቃ የምትወለድበት ቀን ስለነበረ ሌሊቱ ድቅድቅ ጨለማ ነበር። በመጋቢት ጅማ ይዘንባል። ቢሆንም የመጋቢት ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ወርዶ ማታ የሚያባራ ነው። እኔ እንዲያውም ከጥር ሰማይ ይልቅ ዝናብ ያጠበውን የመጋቢት ሰማይ እመርጣለሁ፤ በበጋ የመንገዱ አቧራና የማሳ ቃጠሎው ጭስ ደብዛዛ ከዋክብትን ይውጣቸዋል።

አስቀድሜ ስቴላሪየም በተባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ ጅማን 7.7 ዲግሪ ሰሜን፣ 36.8 ዲግሪ ምሥራቅ ብዬ አስገባሁና የአካባቢውን ከዋክብት በደብተር ገለበጥሁ። ከቤቴ ጓሮ ከአቮካዶው ዛፍ ወዲያ ምሥራቁ ክፍት ነው። የስልኬን መብራት በቀይ ፌስታል ሸፈንሁት፤ ጨለማ የለመደ ዓይን ነጭ ብርሃን ካገኘው እንደገና እስኪለምድ ሩብ ሰዓት አልፎም ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ሰፈሩ መብራት ሲጠፋበት ደግሞ ሌላው ሲያማርር እኔ በልቤ አመሰግናለሁ፤ ይህን ለጎረቤቶቼ ተናግሬ አላውቅም።

የረመዳን ጨረቃ የምትጠበቅበት ሳምንት ነበር። አጥር የምንጋራቸው እናት ባይኖኩላሩን አይተው "ልጄ፣ ጨረቃዋ በምዕራብ እኮ ነው የምትታየው፤ አንተ ወደ ምሥራቅ ምን ጠፋብህ?" አሉኝ። "እናቴ፣ እኔ እንኳን ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ነው የምፈልገው" ብላቸው "እንግዲህ አላህ ይርዳህ" ብለው ገቡ።

ፍለጋው እንዲህ ነበር። አሰድ (አንበሳ) በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ጅራት ላይ ያለችውን ደነቦላ የተባለች ኮከብ መጀመሪያ ያዝሁ፤ ለዓይን ጎልታ ስለምትታይ አታስቸግርም። ከእርሷ ወደ ምሥራቅ አንድ ባይኖኩላር ሙሉ ዕይታና ትንሽ ጨምሬ ሄድሁ። እዚያ ተመሳሳይ ድምቀት ያላቸው ነጥቦች ብዙ ናቸው፤ ከመካከላቸው የትኛዋ ሴሬስ እንደሆነች መልኳን አይቶ መለየት አይቻልም። ክብነት የላት፣ ቀለም የላት፤ ተራ ኮከብ ትመስላለች። የሚያጋልጣት መንቀሳቀሷ ብቻ ነው። ስለዚህ ያየኋቸውን ነጥቦች በሙሉ በደብተሬ ላይ ነጥብ በነጥብ አስቀመጥሁ። በማግስቱ ዘነበ። ቀጥሎ ባለው ምሽት ያንኑ ሥዕል እንደገና ስሠራ አንዷ ነጥብ የሙሉ ጨረቃን ወርድ ያህል ወደ ምዕራብ ሸሽታ አገኘኋት፤ የቀሩት ባሉበት ነበሩ። ያን ሰሞን ሴሬስ በቀን ሩብ ዲግሪ ያህል ትጓዝ ነበር። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አድርጌ ስመለከት የተሰማኝ ደስታ በባይኖኩላሩ ውስጥ ካየሁት ይበልጥ ነበር ብል አላጋነንሁም።

ከዚያ ሥራ ያተረፍሁት አንዱ እውቀት ስለ ከፍታ ነው። መጻሕፍት "ጫፍ ላይ ስትደርስ ተመልከት" ይላሉ። ለአውሮፓ ሰው ይሠራል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ሴሬስ ያን ጊዜ ከጅማ 82 ዲግሪ ትደርስ ነበር፤ ይህ አናት ላይ ማለት ነው። አንገት ይቆለመማል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ነጥቦቹም አብረው ይንቀጠቀጣሉ። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ወይ ሰሌን አንጥፎ በጀርባ መተኛት፣ ወይ ደግሞ ሦስት ሰዓት ቀድሞ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል አልፎ 45 ዲግሪ ከፍታ ላይ ስትሆን ግድግዳ ተደግፎ ማየት። እኔ ሁለተኛውን መርጫለሁ፤ ሰሌኑ ጤዛ ይይዛል።

ሌላው፣ ከቀኑ ይልቅ ጨረቃን ማክበር ነው። ከትክክለኛው ዕለት ሁለት ሳምንት ወዲህም ወዲያም ቢባል ሴሬስ የምታጣው ድምቀት በመጠኑ ነው፤ ሙሉ ጨረቃ ግን ጨርሳ ታጠፋታለች። ወራት ሲያልፉ ነገሩ ይለወጣል፤ ርቀቷ በመሬትና በፀሐይ ርቀት ሲለካ ከ1.6 አንሥቶ እስከ 4 ሊጠጋ ስለሚችል ድምቀቷ ክፉኛ ይወርዳል።

ፕሉቶ ላይ ስንመጣ ይህ ሁሉ ይገለበጣል። በሐምሌ ከመሬት እስከ ፀሐይ ያለውን ርቀት 34 እጥፍ ገደማ ከእኛ ይርቃል፤ በጥቅምት 35 ይሆናል። ከ34 ወደ 35 መራቅ በድምቀት ሲታይ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ሐምሌን ለደመናው ትቶ ጥቅምት አጋማሽ ሲያልፍ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሳምንት፣ እንደ መሸ ወደ ደቡብ መመልከት ይሻላል፤ ፕሉቶ ጀዲ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ከፍ ብሎ ይጠብቃል። መሣሪያው ግን 25 ሴንቲ ሜትር ያህል መስተዋት ያለው ቴሌስኮፕ መሆን አለበት። እኔ የለኝም። ያለው የጅማ ሰው ካለ በጥቅምት ይጥራኝ፤ ቡናው ከእኔ።

የሴሬስ ቀጣይ ተራ በ2019 ዓ.ም. በገና ሰሞን ነው። ለእኛ ከዚህ የተሻለ ቀጠሮ አይገኝም፤ በጋ ነው፣ ጨረቃም በዚያው በገና ዕለት ትወለዳለች፣ ድምቀቷም ወደ 7 ከፍ ይላል። ስፍራዋ ገውዝ (መንትዮች) በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ፣ ካስቶር ከሚባለው ኮከብ በስተ ምዕራብ ብዙ ሳትርቅ ነው፤ ከፍታዋም በሰሜን በኩል 68 ዲግሪ ያህል ስለሚሆን አንገት አያሠቃይም። ጥምቀት ሲደርስ ጨረቃ ልትሞላ ሦስት ቀን ስለሚቀራት፣ ሁለቱን ሥዕሎች ለመሥራት ከገና እስከ ጥር 4 ባሉት ምሽቶች መጠቀም ያስፈልጋል።